ሁለት ሰርቨር መቼ ነው ሁለት የሚሆነው? የጎንደር ድረ ገጾችና የክላስተር ምርጫ

ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር ሆቴሎችና አስጎብኚ ድርጅቶች ድረ ገጾች በቀሪው ዓመት የማያዩት ብዛት ያለው ሰው ይጎበኛቸዋል። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል፤ አልጋ የሚፈልገው እንግዳም ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከዋሽንግተንና ከቴል አቪቭ ጭምር ነው የሚጠይቀው። የፈተና ውጤት የሚለቀቅበት ሰዓት፣ የተማሪዎች ምዝገባ የሚከፈትበት ጠዋት፣ የሥራ ማመልከቻ የሚዘጋበት ምሽትም ተመሳሳይ ጫና ያመጣሉ። በእነዚህ ሰዓታት ገጹ አልከፈት ሲል በየተቋሙ የሚቀርበው መፍትሔ አንድ ዓይነት ነው፤ ተጨማሪ ሰርቨር (ገጹን ለጎብኚው የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ይገዛ፣ ከነባሩ ጋር ይጣመር፣ ክላስተር ይሁን።

የሐሳቡ መነሻ ትክክል ነው። ክላስተር የሚባለው ብዙ ኮምፒውተሮች ለተጠቃሚው እንደ አንድ ሆነው የሚያገለግሉበት አደረጃጀት ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፣ ሥራው ሲበዛም ይካፈሉታል። ነገር ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ነባሩን ሰርቨር የሚጥለው ነገር አዲሱንም አብሮ ይጥለዋል ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ተቋሙ ሁለት ማሽን ገዝቶ ያለው አንድ ሰርቨር ነው። ጎንደር ውስጥ ይህ ጥያቄ ከምርቱ ስምና ከማሽኑ ፍጥነት ይበልጥ ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማባዛት የሚፈቀደው መቼ ነው

ከዓመቱ ጊዜ 99 በመቶውን የሚሠራ ሰርቨር በዓመት 87 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይጠፋል፤ ይህ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ነው። 99.9 በመቶ ሲሆን የሚጠፋው ጊዜ ወደ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ፣ 99.99 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። እያንዳንዳቸው 99 በመቶ የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮች አንዱ ለሌላው ምትክ ሆነው ቢቆሙ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉበት ዕድል አንድ መቶኛ በአንድ መቶኛ ተባዝቶ ከ10,000 አንድ ይሆናል። ከ87 ሰዓት ወደ 53 ደቂቃ መውረድ ማለት ነው። በሽያጭ ገለጻ ላይ ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ይቀርባል፤ ስሌቱም ስሕተት የለበትም።

ማባዛቱ የሚፈቀደው ግን የአንዱ ውድቀት ከሌላው ውድቀት ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመር፣ በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ)፣ በአንድ ስዊች (ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን) እና በአንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ ከተቀመጡ መብራቱ ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ያኔ ስሌቱ ወደ 99 በመቶ ይመለሳል፤ የወጣው ገንዘብ ግን አይመለስም። ተከታትለው የሚቆሙ ነገሮች ደግሞ ከዚህም የከፋ ስሌት አላቸው። የኢንተርኔት መስመሩ ከጊዜው 97 በመቶውን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከጀርባው አሥር ሰርቨር ቢደረደርም ገጹ ለውጭ ሰው ከ97 በመቶ በላይ ሊታይ አይችልም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ተያያዘ፤ ከሕንፃዎቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ከደንበኞቹ መካከል የመጠባበቂያ ቅጂያቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ነበሩና ዋናውም ቅጂውም አብረው ጠፉባቸው። ገንዘብም ባለሙያም ሞልቶ በተረፈበት አገር ይህ ከደረሰ፣ ጎንደር ላይ አንድ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰርቨሮችን «አስተማማኝ ክላስተር» ብሎ በሪፖርት መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

ስለ ሰርቨር ክፍሉም እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በዘርፉ የሚሠራበት የአሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) መመሪያ ለሰርቨር የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ይመክራል። በመግለጫው ላይ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ የተጻፈለት ማሽን እዚህ 31 ዲግሪ እንደተጻፈለት መቆጠር አለበት። ከተማዋ ደጋ ናት ተብሎ መስኮት በሌለው ዕቃ ክፍል ውስጥ የሚታጨቁ ሰርቨሮች የሚሞቁት በከተማዋ አየር ሳይሆን በራሳቸው ትንፋሽ ነው፤ በሙቀት ምክንያት የሚወድቁትም አብረው ነው።

መጨናነቁ ያለው የት ነው

ሁለተኛው ስሕተት ጫናው የት ላይ እንዳለ ሳይለኩ ማሽን መጨመር ነው። 10,000 ተማሪዎች ውጤታቸውን በ10 ደቂቃ ውስጥ ለማየት ሞከሩ እንበል። አንድ ገጽ ሲከፈት ሰርቨሩ 5 ጥያቄዎች ቢደርሱት በጠቅላላው 50,000 ጥያቄ ይሆናል፤ በሰከንድ 83 ገደማ። የመረጃ ቋቱ ኢንዴክስ (መዝገብን ፈጥኖ ለማግኘት የሚያገለግል ማውጫ) በትክክል ከተሠራለት ይህ ለአንድ መካከለኛ ሰርቨር ከባድ ሥራ አይደለም። ሁሉም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ቢመጡ እንኳ ቁጥሩ በሰከንድ 833 ነው፤ የውጤት ገጾቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው የተቀመጡ ከሆነ እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ቀላል የድር ሰርቨር ያለ ጭንቀት ይመልሳቸዋል።

አሁን የገጹን ክብደት እንጨምርበት። ገጹ በትልልቅ ፎቶግራፎችና በማያስፈልጉ ማስዋቢያዎች ተሞልቶ 2 ሜጋባይት ከሆነ 10,000 ሰው 20 ጊጋባይት ያወርዳል። ሰርቨሩ ያለው በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ከሆነ ይህን ሁሉ ለማውጣት መስመሩ ምንም ሳያርፍ 27 ደቂቃ ገደማ መሥራት አለበት። ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ተማሪው ግን ገጹ እየዞረበት ነው። ሦስት ሰርቨር ቢጨመር 27 ደቂቃው አንዲት ሰከንድ አይቀንስም። ገጹ ወደ 200 ኪሎባይት ቢወርድ ግን ያው ሥራ ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ጨረታም የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም።

በዓለም ላይ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጎበኙት ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ዝርዝር መሠረት በቀን ከ200 ሚሊዮን በላይ ጥያቄዎችን ያስተናግድ የነበረው በ11 የድር ሰርቨሮች፣ በ4 የመረጃ ቋት ሰርቨሮችና በጥቂት ረዳት ማሽኖች ነበር። የጎንደር አንድ ሆቴል ወይም የአንድ ጽሕፈት ቤት ገጽ ከዚያ ጫና አንድ ሺህኛውን እንኳ አያይም። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የማሽን ብዛት የሚያስፈልገው ለፍጥነት ሳይሆን አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ነው። ይህ ልዩነት ከታወቀ የሚገዛውም ነገር ይለወጣል።

ተጠቃሚው ከመስመሩ በየትኛው በኩል ነው?

በእኔ እምነት የጎንደር ተቋማት የመጀመሪያው ውሳኔ መሆን ያለበት ይህ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ከጎንደር ውጭ ከሆነ ሰርቨሩ ጎንደር መቀመጥ የለበትም። አልጋ የሚይዘው ሰው ዋሽንግተን ሆኖ ሰርቨሩ ፒያሳ ባለ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ከተቀመጠ፣ የሆቴሉ መብራት በጠፋ ቁጥር ሆቴሉ ከዓለም ይጠፋል። ያው ገጽ አዲስ አበባ ባለ የመረጃ ማዕከል ወይም ውጭ አገር ባለ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ ቢሆን ጎንደር ላይ መብራት ቢሄድ እንግዳው ምንም ሳያውቅ ምዝገባውን ይጨርሳል፤ የእንግዳ ተቀባዩም ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ ዝርዝሩን ያገኘዋል።

ሆስፒታል ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ከሕክምና መዝገብ የሚጠቀመው ሰው ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪና መድኃኒት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ሁሉም በአንድ ግቢ ናቸው። ከከተማው የሚወጣው መስመር ሲቋረጥ የታካሚው ታሪክ አብሮ መቋረጥ የለበትም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናውቃለን። እንዲህ ያለ ነገር ባለፈበት ከተማ የግቢውን ሥራ ሙሉ በሙሉ በውጭ መስመር ላይ ማንጠልጠል ታካሚን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ዋና ሰርቨሮች ግቢው ውስጥ፣ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዩፒኤስና ከተቻለ በተለያየ ጄኔሬተር ላይ መሆን አለባቸው። ከግቢው ውጭ የሚላከው ቅጂ ደግሞ የተመሰጠረ መሆን ይኖርበታል።

ዩኒቨርሲቲ የሁለቱም ጠባይ አለው። የውጤትና የምዝገባ ገጹን ተማሪው ክረምት ላይ ከደብረ ታቦር፣ ከመተማና ከአዲስ አበባ ሆኖ ይከፍተዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱንና የመማሪያ ቪዲዮውን ግን ከግቢው ሆኖ ነው የሚጠቀመው። ሁለቱን በአንድ ክላስተር ላይ ማጨቅ ለአስተዳደር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በምዝገባ ቀን የውጭው ጫና የግቢውን ትምህርት ያቆማል። መለያየት ይሻላል።

አንድ አልጋ ለሁለት እንግዳ

የድር ሰርቨሮችን ማብዛት ከክላስተር ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። ከፊት አንድ ጭነት አከፋፋይ ይቆማል፤ ኤችኤፕሮክሲና ኤንጂንኤክስ ለዚህ ሥራ በነጻ የሚገኙና ለብዙ ዓመታት የተፈተኑ ፕሮግራሞች ናቸው። እንደ ኤችኤፕሮክሲ ያለው አከፋፋይ በየጥቂት ሰከንዱ «አለህ ወይ?» እያለ እያንዳንዱን ሰርቨር ይጠይቃል፤ ያልመለሰውን ከተራ ያወጣዋል። ጥያቄው ሰርቨሩ መሥራቱን ብቻ ሳይሆን ከመረጃ ቋቱ ጋር መነጋገር መቻሉንም እንዲያረጋግጥ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባዶ ገጽ የሚመልስ ሰርቨር ጤነኛ ተብሎ ይቀጥላል። ተጠቃሚው ገብቶ የቆየበት መረጃ በአንዱ ሰርቨር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ከተያዘ ያ ሰርቨር ሲወድቅ ሰውየው ከገጹ ይወጣል፤ ስለዚህ እንደ ሬዲስ ባለ የጋራ ቦታ ይቀመጥ። የሚጫኑ ፎቶግራፎችና ሰነዶችም እንዲሁ።

አከፋፋዩ ራሱ ብቻውን ከሆነ ደግሞ አዲሱ የውድቀት ነጥብ እርሱ ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አከፋፋዮች ኪፕአላይቭድ በተባለ ፕሮግራም አማካይነት አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ፤ ዋናው ሲጠፋ ተጠባባቂው በተለመደው አቀማመጥ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ አድራሻውን ይረከባል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ሁለቱ በአንድ የአካባቢ ኔትወርክ ውስጥ ሲሆኑ ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ መካከል ሲሆን መለወጥ ያለበት የድረ ገጹን ስም ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር የሚያያይዘው የዲኤንኤስ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ የሚጸናበት ጊዜ አስቀድሞ ወደ 300 ሰከንድ ካልወረደ ለውጡ ለአንዳንዱ ተጠቃሚ ሰዓታት ሊዘገይ ይችላል።

ከባዱ ነገር የመረጃ ቋቱ ነው። በሁለት ቦታ የተቀመጠ መዝገብ ምንጊዜም እኩል እንዲሆን ከተፈለገ አንዱ የጻፈውን ሌላው መቀበሉ ሳይረጋገጥ ለተጠቃሚው «ተመዝግቧል» ማለት አይቻልም። ማረጋገጫው ደግሞ መንገድ ይሄዳል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በጎንደርና በአዲስ አበባ መካከል ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከ7 ሚሊሰከንድ ማነስ አይችልም፤ ይህ የሚቻል ነው። ፍራንክፈርት ግን ከአዲስ አበባ በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ ገመዱ በባሕር ሥር ዞሮ ስለሚሄድ በተግባር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በ50 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢሰላ አንዱ የሌላውን ማለቅ እየጠበቀ የሚጻፍ ተመሳሳይ መዝገብ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ ሊለወጥ አይችልም። ሌላው አማራጭ ማረጋገጫውን ሳይጠብቁ ጽፎ ቅጂውን ከኋላ መላክ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ዋናው በድንገት ሲወድቅ ያልተላኩት የመጨረሻ ሰከንዶች ይጠፋሉ።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው፣ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ ያረጋገጡት ሐሳብ ይህንኑ ነው የሚለው። በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው መስመር ሲበጠስ ሥርዓቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ትክክል መሆኑን ሳያረጋግጥ መልስ መስጠቱን ይቀጥላል፣ ወይ ትክክለኛነቱን ጠብቆ መልስ ይከለክላል። ምርጫው የኮምፒውተር ባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሥራው ባለቤት ሊወስነው ይገባል። ለከተራ ሌሊት የቀረችውን አንዲት አልጋ ሁለት ቦታ ያሉ ሰርቨሮች ለሁለት እንግዳ ቢሸጧት፣ ከአንዱ ጋር አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚጨቃጨቀው የሆቴሉ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የአልጋና የክፍያ መዝገብ መስመር ሲበጠስ ቢቆም ይሻላል። የሆቴሉ የፎቶግራፍና የዋጋ ገጽ ግን የአንድ ሰዓት አሮጌ መረጃ ቢያሳይ ማንም አይጎዳም፤ እርሱ ይቀጥል። በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ሁለቱንም ምርጫ በየቦታው መጠቀም ይቻላል፤ ለሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት መፍትሔ መግዛት ነው ስሕተቱ።

ሦስተኛው ድምፅ

ሁለት የመረጃ ቋት ሰርቨሮች ብቻ ሲኖሩ መስመሩ ከተበጠሰ እያንዳንዱ ሌላው እንደሞተ ይቆጥራል። ሁለቱም ዋና ልሁን ይላሉ፣ ሁለቱም ይጽፋሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ተለያይተው የሄዱ ሁለት መዝገቦች ይገኛሉ። ሦስት ሽማግሌ ሲቀመጥ ነገሩ በሁለት ለአንድ እንደሚቋጨው ሁሉ ክላስተርም ብዙኃኑን የሚለይ ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። ከሦስት አባላት አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል፣ ከአምስት ሁለት ቢወድቁ ይቀጥላል። አራት አባላት ግን ከሦስት የተሻለ ጽናት የላቸውም፤ ሁለት ሲወድቁባቸው ብዙኃን የለምና ይቆማሉ።

ደስ የሚለው ነገር ሦስተኛው አባል ትልቅ ማሽን መሆን የለበትም። ማሪያዲቢ ጋሌራ የተባለውን የመረጃ ቋት ክላስተር የሚጠቀም ተቋም መረጃ የማይይዝ፣ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ታዛቢ በአነስተኛ ማሽን ላይ ማቆም ይችላል። ፖስትግሬስ የተባለውን የመረጃ ቋት ርክክብ በሚመራው በፓትሮኒ ፕሮግራም የሚያስተዳድርም ሦስተኛውን የኢቲሲዲ (ድምፁን የሚይዘው ፕሮግራም) አባል በትንሽ ሰርቨር ላይ ያኖረዋል። ቦታው ግን ይጠበቅ፤ ታዛቢው ከሁለቱ ከአንዱ ጋር በአንድ ክፍል ከተቀመጠ ያ ክፍል መብራት ሲያጣ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይጠፋና የቀረው ብዙኃን ስለሌለው ሥራ ያቆማል። ሁለቱ በአዲስ አበባ በተለያዩ ማዕከላት፣ ታዛቢው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ቢሆን ጥሩ ድልድል ነው።

አውቶማቲክ ርክክብ ግን ሁልጊዜ በረከት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የፕሮግራም ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ የደረሰው ይህን ያሳያል። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ 43 ሰከንድ ብቻ የዘለቀ የመስመር መቋረጥ ተፈጠረ፤ ሥርዓቱ ዋናውን የመረጃ ቋት በራሱ ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረ፤ በምሥራቅ በኩል ግን ገና ወደ ምዕራብ ያልተገለበጡ መዝገቦች ቀርተው ነበር። ሁለቱን ለማስታረቅ አገልግሎቱ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተጓደለ። መስመር በየጊዜው በሚቆራረጥበት አካባቢ እንዲህ ያለው አደጋ ይበልጥ ይደጋገማል። አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ብቻ ላለው ተቋም፣ የድር ሰርቨሮቹ ርክክብ አውቶማቲክ ሆኖ የመረጃ ቋቱን ግን ሰው አይቶ፣ አረጋግጦና በጽሑፍ ያለውን ቅደም ተከተል ተከትሎ ቢያዛውረው የተሻለ ነው ብዬ እሟገታለሁ። የ15 ደቂቃ መቋረጥ ይቅር ይባላል፤ የተምታታ የክፍያ መዝገብ ግን በሳምንትም አይጠራም።

ስለ ኩበርኔቲስም ይጠየቃል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 በነጻ ለሕዝብ የለቀቀው ይህ ሥርዓት በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተበተኑ ፕሮግራሞችን ያሰማራል፣ የወደቀውን ያስነሳል፣ ጫና ሲበዛ ቁጥራቸውን ይጨምራል። ብዙ አገልግሎት በየቀኑ ለሚያሻሽሉ ድርጅቶች ትልቅ ዕርዳታ ነው። የመረጃ ቋቱን ጥያቄ ግን አይፈታም፤ የራሱም መቆጣጠሪያ ክፍል በአስተማማኝ ሁኔታ ለመቆም ሦስት አባላት ይፈልጋል፣ በየዓመቱም ሥሪቱ ይታደሳል። አንድ ድረ ገጽና አንድ ባለሙያ ላለው ሆቴል አይመከርም። ባለሙያው ሥራ በለቀቀ ማግስት ማንም የማይነካው ነገር ይሆናልና።

ገንዘቡና ሕጉ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወር 60 ዶላር የሚከፈልበት የውጭ ክላውድ ከ3,400 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ፤ ያውም የሚከፈልበት ካርድ ከተገኘ። ስለዚህ የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቀው አማራጭ በደንብ ሊታይ ይገባል። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የግል የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል። ከውጭዎቹ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2020 በኬፕታውን፣ ጉግል በ2024 በጆሃንስበርግ ማዕከል ከፍተዋል። የታካሚ፣ የተማሪ ወይም የእንግዳ ፓስፖርት መረጃ የሚይዝ ተቋም ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን ወደ ውጭ ለማስተላለፍ ያስቀመጣቸውን ሁኔታዎች ከሕግ ባለሙያ ጋር ሳይመለከት ቅጂውን ድንበር ማሻገር የለበትም።

ለአንድ መካከለኛ የጎንደር ሆቴል ወይም አስጎብኚ ድርጅት የምመክረው ይህን ነው። ቀለል ያለ ገጽ፣ በአንድ የመረጃ ማዕከል ውስጥ አንድ በደንብ የተያዘ ሰርቨር፣ በሌላ ማዕከል ቅጂውን የሚቀበል ሁለተኛ የመረጃ ቋት፣ በየሌሊቱ ወደ ሦስተኛ ቦታ የሚሄድ መጠባበቂያ። ይህ የተሟላ ክላስተር አይባልም፤ ግን በአንድ ክፍል ካሉ አራት ሰርቨሮች የበለጠ ያስተማምናል። ሦስት አባላት ያሉት ሙሉ ክላስተር የሚያስፈልገው የአንድ ሰዓት መቋረጥ ከሁለት ተጨማሪ ማሽኖች የዓመት ኪራይ በላይ ለሚያስከፍለው ተቋም ነው። ያንን ሒሳብ መሥራት ያለበት የፋይናንስ ክፍሉ ነው።

መጠባበቂያውን ከዋናው ጋር እኩል ከሚሄደው መንታ ቅጂ ጋር አንድ አድርጎ ማየትም አይገባም። በዋናው ላይ በስሕተት የተሰረዘ መዝገብ በሰከንድ ውስጥ ከመንታውም ላይ ይሰረዛል። እንደ ጊትሃብ ባለው በጊትላብ ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በስሕተት የዋናውን የመረጃ ቋት ፋይሎች ሲሰርዝ መደበኛዎቹ የመጠባበቂያ መንገዶች ሳይሠሩ መቆየታቸው ታወቀ፤ ያተረፈው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነበር። ከመጠባበቂያው መልሶ መገንባት በተግባር ካልተሞከረ መጠባበቂያ አለ ማለት አይቻልም።

ሙከራው የሚደረግበት ወር ለጎንደር ኅዳር ነው። በዓሉ ገና አልደረሰም፣ እንግዳው ከጥምቀቱ ያነሰ ነው፣ ባለሙያዎቹም ጊዜ አላቸው። ዋናው ሰርቨር ሆን ተብሎ ይጥፋ፤ ተጠባባቂው በስንት ደቂቃ እንደተረከበ ይጻፍ። የመረጃ ቋቱ ከሌሊቱ ቅጂ በባዶ ማሽን ላይ ይመለስና የትናንቱ ምዝገባዎች እንዳሉ ይታይ። የዲኤንኤስ የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለ፣ ያ ሰው ስልኩ ቢዘጋ ማን እንደሚተካው፣ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ እንዳለው በዚያው ቀን ይጠየቅ። የተገኙት ጉድለቶች እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ይታረሙ። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ቃና ዘገሊላ ማግስት ድረስ ከአስቸኳይ የደኅንነት ጥገና በስተቀር በሥርዓቱ ላይ ለውጥ አይደረግ፤ በከተራና በጥምቀት ሌሊት ተረኛ የሚሆነው ባለሙያ ስምና ስልክም በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።